«እኔ ምን በልቼ ነው ስኳር የሚይዘኝ?»



የዛሬው ጽሑፌ ምክር ብቻ አይደለም፤ ክርክርም አለበት። ከማን ጋር ብትሉኝ ከሙያ ጓደኞቼ ጋር፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ ከራሴ ጋር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ራያ ቆላ ውስጥ ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ከዋጃ አንድ ገበሬ መጣ። ዋጃን ለማታውቁ፣ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ሰውየውን ደግፎ ያስገባው ወንድሙ ነው፤ በሌላ እጁ ትልቁን የሃይላንድ ውሃ ይዟል። ዕድሜውን ስጠይቀው «የሰባ ሰባት ልጅ ነኝ» አለኝ። በዚያ አገር ሰው ልደቱን እንዲህ ነው የሚቆጥረው፤ ካርዱ ላይ 35 ተጽፏል። እያወራን ሳለ ሁለት ጊዜ ውሃውን አንስቶ ጠጣ። ቀበቶው ላይ በምስማር የተበሱ ሁለት አዳዲስ ቀዳዳዎች አሉ።

የያዛቸውን ወረቀቶች ገለጥኩ። የታይፎይድ መድኃኒት ሁለት ዙር፣ የወባ አንድ ዙር ወስዷል። አክታው ለቲቢ ታይቷል፣ የለበትም። ኤችአይቪ ተመርምሯል፣ የለበትም። በሦስት ወር ውስጥ ያልታየለት ስኳሩ ብቻ ነው። ጣቱን ወግቼ ለካሁት፤ 468።

«ስኳር ነው ያለብህ» ስለው ሳቀ። እውነቴን ነው፣ ከልቡ ሳቀ። «ዶክተር፣ እኔ ምን በልቼ ነው ስኳር የሚይዘኝ? ሻዩን እንኳ ባዶውን ነው የምጠጣው፣ ስኳር ተወዶብን!» ወንድሙም ሳቀ። እኔም ፈገግ ያልኩ ይመስለኛል።

ያ ሳቅ ከየት መጣ? ከእኛው ነው። ስኳር ሲባል የምንለጥፈውን ፎቶ አስቡት፤ ቦርጩ የወጣ ጎልማሳ፣ ፊት ለፊቱ ኬክና ለስላሳ። እኔም በዚህ ገጽ ላይ እንዲህ ዓይነቱን ፎቶ ከአንድ ጊዜ በላይ ተጠቅሜያለሁ። ፎቶው ውሸት አይደለም። ለብዙዎቻችን ለከተሜዎቹ ልክ ነው፤ ቁጭ ብሎ መዋል፣ ቦርጭ፣ የዕድሜ መግፋት፣ በቤተሰብ ውስጥ ስኳር መኖር ለታይፕ 2 ያጋልጣሉ። ችግሩ ይህን አንድ ፎቶ ብቻ ደጋግመን በማሳየታችን የዋጃው ገበሬ፣ እናቱ፣ የቀበሌው ጤና ኬላ፣ አልፎም ሐኪሙ «ስኳር የሀብታም በሽታ ነው» ብሎ እንዲያምን ማድረጋችን ነው። ቀጭን ድሃ ሲከሳ ቲቢ እንፈልጋለን፣ ወፍራም ሀብታም ሲከሳ ስኳር እንፈልጋለን። ይህ ልማድ ሰው ይገድላል ነው የምለው።

ነገሩን ቀለል አድርገን እንየው። ኢንሱሊን የሚመረተው ቆሽት ውስጥ ነው፤ ሥራው ደም ውስጥ ያለውን ስኳር ወደ ሰውነታችን ሴሎች ማስገባት ነው። ያ ስኳር ደግሞ ከኬክ ብቻ አይመጣም። ከማሽላ እንጀራም፣ ከጤፍም፣ ከቆሎም ይመጣል። ኢንሱሊን ሲጠፋ ወይም ሥራው ሲደክም ስኳሩ ደም ውስጥ ይከማቻል። ከ180 ገደማ ሲያልፍ ኩላሊት መልሶ መያዝ ያቅተውና በሽንት ይፈሳል፤ ሲፈስ ደግሞ ውሃውን አስከትሎ ነው። ሽንት የሚበዛው፣ ውሃ የሚጠማው ለዚህ ነው። ሴሎቹ ምግብ ስላልደረሳቸው ሰውነት የራሱን ስብና ጡንቻ መብላት ይጀምራል። ሰውየው እየበላ ይከሳል።

እንግዲህ ይህን ይዛችሁ ዋጃ ውረዱ። በግንቦት ሙቀት «ውሃ ይጠማሃል ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ «አይ» የሚል አታገኙም፤ ካገኛችሁ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ቆላ ውስጥ ጥማት ብቻውን ምልክት አይሆንም፣ ሙቀቱ ይሸፍነዋል። ስለዚህ የሚጠየቀው ሽንት ነው። በፀሐይ የተጠማ ሰው ውሃውን በላብ ስለሚያወጣው ሽንቱ ያንስና ደመቅ ያለ ቢጫ ይሆናል። የስኳር ጥማት ግን ብዙ ሽንት አለው፤ ቀንም ሌሊትም፣ እንደ ውሃ የቀጠነ። እኔ ያንን ሰውዬ «ሌሊት ስንቴ ትነሳለህ?» ስለው የመለሰው ወንድሙ ነው፦ «አራቴም አምስቴም ይወጣል፤ በሩን ዘግተን መተኛት ትተናል።» የሸናበት ቦታ ላይ ጉንዳን መሰብሰቡን የሚነግሯችሁ አዛውንቶችም አሉ። አትሳቁባቸው፤ ሽንት ውስጥ ስኳር መኖሩን ሰው ከላብራቶሪ በፊት ያወቀው በዚህ ነው።

አሁን ወደሚከብደኝ ልምጣ።

መስከረም መገባደጃ ነበር፣ የወባ ወቅት። ተረኛ ነኝ። ከዋጃ ወዲያ ካለ ቀበሌ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ በማታ መጣች፤ አባቷ ታቅፏታል። ታስመልሳለች፣ ሆዴን ትላለች፣ ሰውነቷ ይሞቃል፣ ዝላለች። የወባ ፈጣን ምርመራ ተሠራላት፤ ሁለት መስመር ወጣ፣ ወባ አለባት። በቃ፣ መልሱን አገኘሁ ብዬ ቆምኩ። ትንፋሿ ጥልቅና ፈጣን ነበር፤ ትኩሳቱ ነው አልኩ። እናቷ ቀስ ብላ «እንደ ሕፃን ፍራሽ ማርጠብ ጀምራለች፣ ወር ይሆናታል» አለችኝ። ሰምቻታለሁ፤ ግን ካርዱ ላይ አልጻፍኩትም። የወባ መድኃኒት ጀመርኩላት፣ በደም ሥር ግሉኮስ አዘዝኩላት። አዎ፣ ግሉኮስ፤ ከባድ ወባ ላይ ስኳር ስለሚወርድ። ከማዘዜ በፊት መለካት ነበረብኝ። እኛ ክፍል ስትሪፕ አልቆ ነበር፤ ከሌላው ዋርድ ላስመጣ እችል ነበር፣ አላስመጣሁም።

ጠዋት የተካኝ ባልደረባዬ ለካት። ማሽኑ ቁጥር አልሰጠም፣ «ሃይ» ነው ያለው። መጠኑ መለካት ከሚችለው በላይ ሲሆን ነው እንዲያ የሚለው። ኢንሱሊኑም ፈሳሹም ተጀመረላት። እኩለ ቀን ላይ አረፈች። አባቷ ሬሳዋን ተቀብሎ ሲወጣ «እግዜር ይስጥልን፣ ደክማችኋል» አለን።

ወባው እውነት ነበር። ስኳሩም እውነት ነበር። አንዱ መገኘቱ ሌላውን አያስወጣውም፤ እኔ ግን እንዳስወጣው ሰው ሆኜ አደርኩ። ለዚህ ነው ይህን ጽሑፍ ማንንም ለመውቀስ የማልጽፈው። ልጃቸውን መጀመሪያ ጸበል የወሰዱ፣ ለዱዓ የወሰዱ፣ «ቡዳ በላት» ያሉ ወላጆችን ብዙ ጊዜ ስንቆጣ እሰማለሁ። እኔ ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ የምርመራ ውጤት በእጄ ይዤ የሳትኩትን እነሱ ለምን አላወቁም ማለት አልችልም።

በልጆች ላይ ታይፕ 1 ስኳር ጊዜ አይሰጥም። በሳምንታት፣ አንዳንዴ በቀናት ውስጥ ደሙን አሲድ ያደርገዋል። ፍራሽ ማርጠብ ትታ የነበረች ልጅ መልሳ ከጀመረች፣ ከከሳች፣ ውሃ ውሃ ካለች በዚያው ቀን ትለካ። ማስመለስና ሆድ ቁርጠት ሲጨመር፣ ትንፋሿ ጥልቅና ፈጣን ሲሆን፣ አፏ እንደ አሴቶን (ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው) ወይም እንደበሰበሰ ፍራፍሬ ሲሸት ጉዳዩ የሰዓታት ነው። ሳንባ ምች ይመስላል፣ ወባ ይመስላል፣ ትርፍ አንጀት ይመስላል። ሳል የሌለው፣ ደረቱ ሲደመጥ ንፁህ የሆነ፣ ግን እንደ ሯጭ የሚተነፍስ ልጅ ስታዩ ስኳርን አስቡ።

የአዋቂዎቹ ስኳር ደግሞ ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው አትላስ ስኳር ካለባቸው ጎልማሶች ከአሥሩ አራቱ እንዳለባቸው አያውቁም ይላል። ብዙዎቹ የሚመጡት በሌላ ነገር ነው። አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል፤ እግራቸው ተቃጥሎ ነው የመጡት። ምድጃ ዳር ተቀምጠው ቡና ሲያፈሉ ፍሙ እግራቸው ላይ ወድቆ አላወቁትም፤ «የሚቃጠል ይሸተኛል ብዬ ጀበናውን አየሁ» አሉኝ። ስኳሩ ስንት ዓመት እንደቆየባቸው ማን ያውቃል፤ የእግራቸውን ስሜት ጨርሶ ወስዶታል። ቆላ ውስጥ እሾህ አለ፣ በበረባሶ የሚሄድ ሰው አለ፤ ያላመመ እሾህ ነው እግር የሚያስቆርጠው። እዚህ አዲስ አበባ ደግሞ በዓመት ሦስት መነጽር የሚቀይር ሰው አውቃለሁ፤ እይታው የሚለዋወጠው ስኳሩ ስለሚወጣና ስለሚወርድ ነበር። በሴቶች ላይ እየተመላለሰ የሚያስቸግር የብልት ማሳከክ፣ በወንዶች ላይ የሸለፈት ቁስለትና የወሲብ ድክመት የመጀመሪያ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሰው ስለሚያፍር ለፋርማሲው ልጅ ብቻ ነግሮ ቅባት ገዝቶ ይሄዳል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ጥማቱ ራሱ ላይሰማ ይችላል፤ «አባባ ዘንግተዋል፣ ነገር ይቀላቅላሉ» ተብሎ ስኳሩ ስድስት መቶ የሚገኝባቸው አሉ። እርጉዝ ሴት ምንም ሳይሰማት ሊኖርባት ስለሚችል ከ24 እስከ 28 ሳምንት ባለው ጊዜ ምርመራውን ትጠይቅ።

ወደ «ሰባ ሰባት ልጅ» ልመለስ። ያ ሰው በሳቁ ውስጥ የጠየቀኝ ጥያቄ ከባድ ነበር። «ምን በልቼ?» ብሎኛል። ምናልባት መልሱ የተገላቢጦሽ ይሆን? ምን ሳይበላ?

ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። የአገራችን ተመራማሪዎች እዚያው ራያ ቆቦ ወረዳ ውስጥ በሰባ ስድስትና ሰባ ሰባት ረሀብ ጊዜ በእናታቸው ማህፀን የነበሩ ሰዎችን ከረሀቡ በኋላ ከተወለዱት ጋር አነጻጽረው አጥንተዋል። ረሀቡ ማህፀን ውስጥ ያገኛቸው ሰዎች ጎልምሰው ሜታቦሊክ ሲንድረም የሚባለው ችግር (የሆድ ስብ፣ የደም ግፊት፣ የስኳርና የደም ቅባት መዛባት አብረው ሲመጡ ማለት ነው) በብዛት ታይቶባቸዋል። ሆላንዶችም በ1944ና 45 እ.ኤ.አ. ክረምት ረሀብ ጊዜ ማህፀን ውስጥ የነበሩት ላይ የስኳር መዛባት አይተዋል። የዚያ ዘመን ልጆች ዛሬ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። የአንዱን ሰው በሽታ በረሀቡ ነው የመጣው ማለት አይቻልም፤ እኔም አልልም። የራያ ሰው ግን ስኳር የጥጋብ በሽታ ነው ብሎ ሊስቅ እንደማይገባው ይህ ይበቃል።

ሁለተኛው ነገር ጎንደር ነው። የጎንደር ሐኪሞች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በ2009 እ.ኤ.አ. በታወቀ የስኳር ሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጥያቄ አነሱ። ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው የገጠር ታካሚዎቻቸው ፈረንጅ መጽሐፍ ላይ ካለው ታይፕ 1 ጋር አይመሳሰሉም፤ በብዛት ወጣት ወንዶች፣ በጣም ቀጫጭን፣ በጣም ድሆች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 እ.ኤ.አ. «ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳር» ብሎ ለብቻው መድቦት የነበረውን ዓይነት በ1999 ከዝርዝሩ አውጥቶት ነበር። ፋይሉ እንደገና ይከፈት አሉ የጎንደሮቹ። ዓመታት ቆይቶ፣ በ2025 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ባንኮክ ላይ ባደረገው ጉባኤ «ታይፕ 5» ብሎ ስም ሰጠው። ስሙ ይገባዋል አይገባውም በሚለው ላይ ባለሙያዎች ገና እየተከራከሩ ነው፤ ይከራከሩ። ሰውየው ግን አለ። ዋጃ መናኸሪያ ቁሞ ባጃጅ እየጠበቀ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ ነው የምለው?

ወባ ለመመርመር ጣት ይወጋል። ያችው ጠብታ ለስኳርም ትበቃለች። ወባ ባለበት ቆላ ሁሉ የሚያስመልስ፣ የከሳ፣ ትንፋሹ የፈጠነ ወይም ራሱን የሳተ ሰው ጣቱ በተወጋበት ቅጽበት ስኳሩም ይለካ። የወባው ውጤት ፖዘቲቭም ይሁን ኔጌቲቭ! ይህ ደንብ ሆኖ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ስትሪፕ ውድ ነው፣ ይጠፋል፣ የመጣው ስትሪፕ ካለው ማሽን ጋር አይገጥምም የምትሉኝ ባልደረቦች አላችሁ፤ ልክ ናችሁ፣ መሳቢያ ውስጥ አቧራ የለበሰ ማሽን እኔም አውቃለሁ። ግን ርካሹን የሽንት ስትሪፕ ብዙ ጤና ጣቢያ ያገኘዋል፤ ስኳርንም ኪቶንንም ያሳያል። ለ«ኢንፌክሽን» ብለን አዝዘነው ስኳር ሦስት ፕላስ የሚለውን መስመር ሳናነብ ስንቱን መልሰናል? ይህኛው ገንዘብ አይጠይቅም፣ ማንበብ ብቻ ነው።

እናንተ ደግሞ ስልክ በእጃችሁ የያዛችሁ፣ ዋጃም ቆቦም ሮቢትም ቤተሰብ ያላችሁ፣ የእናንተ ድርሻ ጥሪው ላይ ነው። «ወንድምህ ከስቷል» ሲሏችሁ ለማር፣ ለቅቤና ለበግ መግዣ ብር ትልካላችሁ፤ አውቃለሁ፣ እኔም ልኬያለሁ። መጀመሪያ «ሌሊት ስንቴ ይነሳል?» በሉ። ከዚያ ብሩን ለምርመራ ላኩት። ሳይበላ ያደረ ሰው ስኳሩ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ምልክት እያለበት በማንኛውም ሰዓት 200 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር ነው። ምልክት ከሌለው በሌላ ቀን ይደገማል። የሦስት ወር አማካይ የሚባለው ምርመራ ደግሞ 6.5 በመቶ ላይ ነው መስመሩ።

ታውቆለት ኢንሱሊን የጀመረ ቀጭን ገበሬ ካላችሁ ሌላ አደጋም አለ፤ ስኳሩ መውረዱ። ጠዋት ተወግቶ፣ ምሳ ሳይበላ ሲያርስ ውሎ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ እንደ ሰካራም ይለፈልፋል። ሰው «ለከፈው» ይላል። ከ70 በታች ወርዶ ነው። መዋጥ ከቻለ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ለስላሳ፣ ያገኛችሁትን ጣፋጭ ስጡት፤ ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሩ፣ ወደ ሕክምና። ጾሙም ሆነ ረመዳኑ ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ነው፤ ጸበል የሚጠመቅም ኢንሱሊኑን አያቋርጥ። ሁለቱ አይጣሉም። «ስኳርን ከሥሩ የሚነቅል» እያለ ኢንቦክስ የሚጠራችሁን የዱቄት ነጋዴ ግን ብሎክ አድርጉት፤ ታይፕ 1 ያለበት ልጅ ኢንሱሊን ካቆመ በቀናት ውስጥ ይሞታል።

«ፍሪጅ የለንም» ለምትሉኝ፦ የዋጃው ሰውዬ ኢንሱሊኑን በፌስታል ቋጥሮ ትንሽ ገንቦ ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ገንቦዋን ጥላ ሥር እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀብሯታል፤ ጠዋትና ማታ አሸዋውን ውሃ ያጠጣዋል። ጥሩ አድርጓል። ከአዲስ አበባ የምትልኩት ሰዎች፣ አውቶቡሱ ዳሽቦርድ ላይ አታስቀምጡት። በረዶ ሆኖ የነበረም ይጣል።

እሱ ሰውዬ አሁን ቀበቶውን ወደ ድሮው ቀዳዳ መልሶታል። ባለፈው ደውሎ አንድ ጎረቤቱን ጤና ጣቢያ ጎትቶ እንደወሰደ ነገረኝ። ምን አይተህ ነው ብለው «ሌሊት በሩ ሲንኳኳ እሰማለሁ» አለኝ። የጎረቤቱ ስኳር 311።

ጥያቄ ያላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ እመልሳለሁ። ትንፋሹ የፈጠነ፣ የሚያስመልስ፣ የከሳ ልጅ አጠገባችሁ ካለ ግን ለእኔ አትጻፉ፤ ስልኩን አስቀምጣችሁ ልጁን ይዛችሁ ውጡ፣ እዚያ ስትደርሱም «ስኳሩን ለኩልን» በሉ።